ከጋራዡ ጀርባ ያለው ደሴት

ቶራንስ፣ ካሊፎርኒያ
ሴፕቴምበር 13 ቀን 1959

ከነቁጣሽ ለምወድሽ እህቴ ለኢሞጂን፤

እንደምን ከርመሻል? ኮዲያክ ዝናቡ ጀመረ ወይስ ድሮም አላቋረጠም? እኔና ዊልማ ደህና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶናል። ሰላምታው አንድ መስመር፣ ቁጣው ሁለት ገጽ! እኔ ማንበብ ፈርቼ ለሚስቴ ለዊልማ ሰጠኋት። እሷ አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀችና፣ "መጀመሪያ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ተቀመጥ፣ ከዚያ አንብብ" አለችኝ።

እሺ፣ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ዊልማ የጻፈችልሽ እውነት ነው። ከጋራዡ ጀርባ ባር እየሠራሁ ነው። አላበድኩም። አልጠጣሁም። "ሰባት ዓመት ሙሉ ሳትቀምስ ኖረህ አሁን ምን ነካህ?" ላልሽው፣ ምንም አልነካኝም። ሰባቱም ዓመታት እንዳሉ ናቸው።

ምን እንደሚቀዳበት ግን አልጠየቅሽኝም። የአናናስ ጭማቂ ነው የሚቀዳው። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ የኮኮናት ውሃ፣ ዊልማ የምታፈላው የዝንጅብል ሻይ በበረዶ። ሌላ ነገር በዚያ በር አይገባም።

ታዲያ ለምን ባር? እንዲህ ነው። መጠጡን ስተው ቦታውንም አብሬ እንደማጣው ማንም አልነገረኝም ነበር። የእኛን፣ መጠጥ የተውነውን ሰዎች ስብሰባ ታውቂዋለሽ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ የብረት ወንበር ላይ፣ የከሰል ጣዕም ያለው ቡና ይዘን። እዚያ ባልሄድ ዛሬ በሕይወት አልኖርም ነበር፤ ስለዚህ ስብሰባውን አላማም። ነገር ግን ሰዉ ተራውን ጠብቆ ይናገራል፣ ያለቅሳል፣ ኮቱን ለብሶ ይሄዳል። የሚስቅ የለም። እኔ የናፈቀኝ ባንኮኒ ላይ ክርን አስደግፎ መቀመጥ ነው። ሰው ባለፈው ሳምንት የዋሸውን ውሸት ዛሬ ጨምሮ ሲዋሽ መስማት ነው። ለስብሰባችን ሰዎች እንዲህ ያለ ቦታ ልሠራላቸው ፈለግኩ።

የደሴት ዓይነት፣ ሰዉ ቲኪ የሚለው ይሁን ያለችው ዊልማ ናት። ሠፈሩን ሁሉ ይዞታል። በጦርነቱ ጊዜ ደቡብ ባሕር ደሴቶች ላይ የነበረ መርከበኛ ሁሉ ጓሮው ውስጥ ቀርከሃ እያቆመ፣ ዘንባባ እየከደነ፣ ዓይኑ የፈጠጠ የእንጨት ምስል እየተከለ ነው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ መጠጥ የተማርኩትም እዚያው ነው። ከዚያ አገር ሌላ ነገር ይዤ የመመለስ መብት ያለኝ ይመስለኛል።

መቆጣትሽን ግን አልጠላሁትም። ያን ጊዜ ተንጠራውዤ ኮዲያክ ስመጣ፣ አንቺና ባልሽ ኒልስ ነፍሱን ይማረውና የመረብ ማስቀመጫው ክፍል አስገብታችሁኝ፣ አንቺ በሩ ላይ ወንበር ስበሽ ተቀምጠሽ ነው ያዳንሽኝ። በር ላይ የተቀመጠ ሰው የመቆጣት መብት አለው።

ደህና ትበያለሽ? ትተኛለሽ? ሁለቱንም መልሺልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ዴልበርት


ኮዲያክ፣ አላስካ
ኦክቶበር 4 ቀን 1959

ወንድሜ ዴል፤

ይቅርታ አድርግልኝ። ዊልማንም ይቅርታ በልልኝ። ያ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት ማደር ነበረበት። "ባር" የምትለውን ቃል ሳይ ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ።

አሁን ገብቶኛል። ሙሉ በሙሉ አልልህም፤ አናናስ ሲጠጡ የሚዋሹ ወንዶች ማሰብ ያስቸግረኛል። ግን አንተ የጀመርከውን እንደማትተው ከልጅነትህ አውቅሃለሁ። ስለዚህ ከመከልከል ማገዝ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

እሁድ እሁድ ባሕሩ ዳር እሄዳለሁ። ኒልስ ካረፈ ወዲህ ቤት ውስጥ መዋል አልሆነልኝም፤ ሁለት ዓመት ሞላው እኮ። ከማዕበል በኋላ ጃፓኖቹ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን የሚያንሳፍፉባቸው የመስታወት ኳሶች ተበጥሰው እኛ ዳርቻ ላይ ይወድቃሉ። አረንጓዴ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ አንዳንዱ የልጅ ጭንቅላት ያህላል። ባሕሩን ሁሉ አቋርጠው አንዲት ስንጥቅ ሳይኖራቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። በሣጥን አድርጌ ልኬልሃለሁ። ከጣሪያህ ላይ ብታንጠለጥላቸው ያምራሉ።

እበላለሁ። ሁለተኛውን ጥያቄህን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ፤ ፋብሪካው ውስጥ ሥራ በዝቷል፣ የሣልሞን ቆርቆሮ ተከምሮ ይጠብቀኛል።

ጣሪያውን በምን እንደከደንክ ጻፍልኝ። ዝርዝሩን እወዳለሁ፤ ምሽት ላይ የሚነበብ ይሆነኛል።

ኢሞጂን


ቶራንስ፣ ካሊፎርኒያ
ኖቬምበር 15 ቀን 1959

እት ዓለም፤

ሣጥኑ ደረሰ! አንድም አልተሰበረም! ዊልማ አንድ በአንድ ከፎጣው እያወጣች "ወይኔ፣ ወይኔ" ስትል፣ ጎረቤት የሞተብን መስሎት መጣ። አንዷ ሰማያዊ ውስጥ ትንሽ ውሃ አለ፤ ሳወዛውዛት ትንቆረቆራለች። ምንም ቀዳዳ የላትም። በየት በኩል እንደገባ እግዜር ይወቅ። አሮጌ መረብ ውስጥ ከትቼ ከባንኮኒው በላይ ሰቅያቸዋለሁ፤ ዊልማ መሀላቸው አምፖል አስገባች። አንቺ እዚህ ኖረሽ ብታዪው! እጅ ነስቼ አመሰግናለሁ።

ጣሪያውን ጠይቀሽኛል፤ ጣሪያው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች የመንገዱን ዘንባባ ሲከረክሙ ቅጠሉን ለምኜ በፒክአፕ አመጣሁ። አደረቅኩ፣ ደረደርኩ፣ በምስማር መታሁ። ኮራሁም። ከዚያ የበረሃው ነፋስ መጣልሽና ጣሪያዬን ብድግ አድርጎ አጥር አሻግሮ የወይዘሮ ኬአዌ የልብስ ማስጫ ላይ ጣለው።

ወይዘሮ ኬአዌን አታውቂያትም። ከእኛ በስተኋላ የምትኖር የሃዋይ ተወላጅ መበለት ናት፤ ልጆቿ ሎንግ ቢች ናቸው። አምስት ዓመት ጎረቤት ስንሆን ከ"እንደምን አደሩ" አላለፍንም ነበር። ያን ቀን አንሶላዋን በአንድ እጅ፣ የእኔን ዘንባባ በሌላ እጅ ይዛ መጣች።

"ይሄ የአንተ ነው?" አለችኝ።

"አዎ፣ ወይዘሮ ኬአዌ። በጣም ይቅርታ።"

"ምንድን ነው?"

"ጣሪያ ነው።"

"ነበር" አለችኝ።

ከዚያ ዞር ዞር ብላ አየች። ቀርከሃውን ነካ ነካ አደረገች። ባንኮኒውን አየች። በር ላይ ልተክለው ከግንድ የጠረብኩትን ምስል ስታይ ግን ቆመች። ከመጽሔት ላይ አይቼ ነው የሠራሁት፤ ዓይኑ ትልልቅ፣ ጥርሱ እንደ መጋዝ።

"ይሄ ደግሞ ማነው?"

"አምላክ ነው" አልኳት። ወዲያው አፈርኩ።

"የማን አምላክ?"

"እ... የእናንተ መስሎኝ።"

"የእኛ አይደለም። ይሄ ጥርሱን ያመመው ሰው ነው።" አልሳቀችም፤ እኔም መሳቅ ፈራሁ። ከዚያ አጎንብሳ ጥርቡን በእጇ ዳሰሰችው። "እጅህ ደህና ነው" አለችኝ። "ግን የማታውቀውን ሰው ፊት አትጥረብ። አንተን በሕይወት ያቆየህ ሰው የለም? የሱን ጥረብ። በር ላይ መቆም የሚገባው እሱ ነው።"

በማግስቱ ገመድ ይዛ መጣችና ቅጠሉን እንዴት በሁለት በሁለት እያጠፉ እንደሚያስሩት አሳየችን። ምስማሮቼን ሁሉ አስነቀለችኝ። "እናቴ ይሄን ብታይ ትገርፈኝ ነበር፣ አስተሳሰሬ ተበላሽቷል" እያለች። አሁን ነፋሱ ሲመጣ ጣሪያው ይንሿሿል እንጂ አይነሳም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ምሳ ትበላለች።

ጥርስ የታመመውን ፈልጬ ለምድጃ አደረግኩት። አሁን አዲስ ግንድ ይዣለሁ። ማንን እንደምጠርብ መጠየቅ አያስፈልግሽም። እስካሁን አፍንጫውን ነው የጨረስኩት፤ አብዛኛውን እንጨት እሱ ወሰደው።

ሌላም አለ፤ ከኳሶቹ መሀል የሚንት ከረሜላሽን ረስተሽዋል፣ ሙሉ ከረጢት። ከመቼ ወዲህ ነው ከረሜላ የምትወጂው?

የሚያመሰግንሽ
ዴል


ኮዲያክ፣ አላስካ
ዲሴምበር 13 ቀን 1959

ወንድሜ ዴል፤

እንዴት ነህ? ዊልማስ? እኔ ደህና ነኝ። በአፍንጫዬ የቀለድከውን አይቻለሁ፤ የአባታችን አፍንጫ ነው፣ አንተም አለህ፣ መስታወት ተመልከት።

እዚህ ጨልሟል። ረፋድ ላይ እንኳ መብራት ያስፈልጋል። ባሕሩ ዳር ስሄድ የመስታወት ኳሶች አገኛለሁ፤ ጃፓኖቹ መረባቸውን የሚያንሳፍፉባቸው። ለባርህ ብዬ አንድ ሣጥን ሞልቼ ልኬልሃለሁ። ደርሶህ ይሆን? ካልደረሰ ንገረኝ፣ ፖስታ ቤት ሄጄ እጠይቃለሁ።

ከረሜላው ለጉሮሮዬ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፋብሪካው ውስጥ አንዲት ሴት አለች፤ አብረን ነው የምንሠራው። ባሏ ሞቶባታል። ለብርዱ እያለች ትንሽ ትንሽ ጀመረች፤ አሁን ለብርዱ መሆኑ ቀርቷል። ልተወው ብላ ሁለት ጊዜ ሞክራ አልቻለችም። እኔ አንተን ስላየሁ እኔን ጠየቀችኝ፤ የሚከፋው የትኛው ቀን ነው? ሁለተኛው ነው ወይስ ሦስተኛው? እኔ ከበሩ በውጭ በኩል ስለነበርኩ አላውቅም አልኳት። ወንድሜን ልጠይቅልሽ አልኳት።

እንዴት ነህ? ዊልማስ ደህና ናት?

ኢሞጂን


ቶራንስ፣ ካሊፎርኒያ
ጃንዋሪ 3 ቀን 1960

ለውድ እህቴ፤

መልካም አዲስ ዓመት። በአንድ ደብዳቤ ሁለቴ ሰላም ብለሽናል፤ ሁለቱንም ተቀብለናል። ኳሶቹም ደርሰውናል፤ አሁን ይሄን የምጽፈው ከሥራቸው ተቀምጬ ነው።

ለዚያች ሴት እንዲህ በያት። የሚከፋው ሦስተኛው ቀን ነው። ሁለተኛው ቀን ገላ ነው የሚያመው፤ ሦስተኛው ቀን ግን ሐሳብ ይመጣል፣ በጣም ብልህ የሆነ ሐሳብ፣ "አንድ ብቻ ብትጠጪ እኮ ነገ ለመተው ጉልበት ይሆንሻል" የሚል። እዚያ ላይ ብቻዋን እንዳትሆን። ሐሳቡን ጮክ ብላ ለሰው ከተናገረችው ሞኝነቱ ወዲያው ይታያታል። ዝም ካለች ግን ያሸንፋታል።

ይሄ ካለፈ በኋላም አይቀርም፤ እሱንም ንገሪያት። ለማስፈራራት አይደለም፣ ሲመጣ "ምን ሆኛለሁ?" እንዳትል ነው። ልጻፍልሽ አልጻፍልሽ ስል የቆየሁት ነገር ነበር። ላንቺ ሳይሆን ለእሷ ይጠቅማት እንደሆነ ልንገርሽ።

የዊልማን ወንድም ቨርጂልን ታውቂዋለሽ። የገና በዓል ከመድረሱ በፊት ባሩን ሊያይ መጣ፤ ደስ አለው፣ ጨፈረ፣ "እንኳን ደስ ያለህ!" ብሎ በሪባን የታሰረ የሩም አረቄ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። ክፋት የለውም፤ ቨርጂል አያስብም እንጂ ክፉ አይደለም። እሱ ሄደ፤ ዊልማ ሥራ ላይ ናት። ጠራራ ፀሐይ ነው። እኔና ጠርሙሱ ቀረን።

ጣሪያዬ ቀና፣ ቀርከሃዬ ቀና፣ ኳሶቹ ያበራሉ። ምን ታየኝ መሰለሽ? አሁን ገና ቦታው ሙሉ ሆነ የሚል ነገር። የጎደለው ይሄ ነበር፣ የሚል። ያ ብልህ ሐሳብ መጣ ማለት ነው፣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ አበባ የተሳለበት ሸሚዝ ለብሶ።

ጀግና አልሆንኩም። ጠርሙሱን በአንገቱ አንጠልጥዬ አጥሩን ዞርኩና የወይዘሮ ኬአዌን በር አንኳኳሁ። ከፈተች፣ እኔን አየች፣ ጠርሙሱን አየች።

"እኔ አልጠጣም" አለችኝ።

"እኔም አልጠጣም" አልኳት።

ጠርሙሱን ተቀበለችኝ። "ለመድፋት እኔ ጋ ማምጣት ነበረብህ? ቤትህ ማጠቢያ የለም?" እያለች በቧንቧዋ ደፋችው። ከዚያ ኮኮናትና መፈቅፈቂያ አስታቀፈችኝ። "ቁጭ በል። ልጆቼ እሁድ ይመጣሉ፤ ብዙ ያስፈልገኛል።" ዊልማ ከሥራ እስክትመለስ ኮኮናት ስፈቀፍቅ ዋልኩ። ስለ ጠርሙሱ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ስለ ባሏ አወራችኝ፤ የወደብ ሠራተኛ ነበር፣ መዝፈን አይችልም ነበር፣ ግን ይዘፍን ነበር። ጣቶቼ ደሙ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሰው አመስግኜ አላውቅም።

ስለዚህ ለሴትዮዋ፣ የሚያስፈልጋት ጥንካሬ አይደለም በያት። የሚከፈትላት በር ነው የሚያስፈልጋት። እኔ ሁለት ጊዜ ተከፍቶልኛል፤ የመጀመሪያውን የከፈትሽው አንቺ ነሽ።

በየሳምንቱ ጻፊልኝ። አጭርም ቢሆን።

ዴል


ኮዲያክ፣ አላስካ
ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1960

ዴልበርት፤

ያልካትን ነግሬያታለሁ። ሴትዮዋ ሥራዋን ለቃ ዘመዶቿ ጋ ሄዳለች፤ ከእንግዲህ ስለ እሷ አትጻፍልኝ። ሁሉም ሰው ያንተ ዓይነት አይደለም፤ ሁሉም ሰው ጎረቤት ያለው እንዳይመስልህ።

ግንዱንም ተወው። የእኔን ፊት ማንም በር ላይ እንዲያቆመው አልፈልግም። ሰው እየገባ እየወጣ የሚያመሰግነው ነገር አይደለሁም።

በየሳምንቱ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም።

ኢሞጂን


ቶራንስ፣ ካሊፎርኒያ
ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1960

እቴ ኢሞጂን፤

አልተቀየምኩም። ይሄን በመጀመሪያ እወቂልኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ከፈለግሽ ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ክተቺው። እኔም ሚንት እበላ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ፣ ኪሴ እስኪቀደድ። እናታችንም በሕይወት ሳለች ከእኔ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ይደርሳት ነበር። መጻፌን አላስታውስማ። እናታችን ግን አንድም ቀን "ደገምከው" አላለችኝም፤ ሁለቱንም መልሳልኛለች። እኔም ስለ ኳሶቹ ሁለቴ መለስኩልሽ።

መጀመሪያ የገባው ለዊልማ ነው። የዲሴምበሩን ደብዳቤ አንብባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ "ፋብሪካው ውስጥ ሌላ ሴት የለችም፣ ዴል" አለችኝ። እኔ ተቆጣኋት። ከዚያ ወጥቼ ግንዱ ፊት ቆሜ ብዙ አሰብኩ።

እንግዲህ ያንቺን ንዴት ከምፈራ አንቺ ብትናደጂብኝ ይሻለኛል። ነይ። ከኩሽናው አጠገብ ያለችውን ክፍል ዊልማ ቀለም ቀብታ አዲስ መጋረጃ ሰቅላለች። ማንም አይጠይቅሽም፤ ማንም በር አይቆልፍብሽም። በሩ ላይ ግን ወንበር አደርጋለሁ፤ ሦስተኛው ቀን እኔ እቀመጥበታለሁ። ሲደክመኝ ዊልማ ትተካኛለች፤ ወይዘሮ ኬአዌም "እኔም ተራ አለኝ" ብላለች። ስምሽን ሳትጠይቅ ነው ያለችው። "እንግዳዬ ታማለች" ብቻ ነው ያልኳት።

ያን ጊዜ እኔን ስትቀበይኝ "ሸክም ሆንኩብሽ" ስልሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሺያለሽ? "ዝም በልና ሾርባህን ጠጣ" ነበር ያልሽኝ። እኔም ሌላ የምልሽ የለኝም።

ወንድምሽ


ሲያትል
ማርች 20 ቀን 1960

ዴል፤

ፋብሪካው ውስጥ ሌላ ሴት የለችም።

መርከቡ ዛሬ ጠዋት ነው እዚህ ያደረሰኝ። ነገ ባቡር እሳፈራለሁ፤ ረቡዕ ሎስ አንጀለስ እገባለሁ። ጽሕፈቴ የተበላሸው በመርከቡ መናጥ ነው ብል ታምነኛለህ? ታምናለህ፤ ደግ ስለሆንክ። አትመን።

ብቻህን ና ጣቢያ። ከሳሁ፤ እንዳትደነግጥ።

ኢሞጂን


ቶራንስ፣ ካሊፎርኒያ
ጁን 5 ቀን 1960

ለምወድሽ እህቴ ለኢሞጂን፤

ደህና ገባሽ? እኔ አይደለሁም የጠየቅኩት፤ ዊልማ ናት። በየቀኑ ፖስታ ሳጥኑን ከፍታ ትዘጋለች። እኔ በበኩሌ ሰው ሲመቸው ይጽፋል ባይ ነኝ። (ትላንት ሦስቴ ከፍቼዋለሁ።)

ቤቱ ጭር ብሎብናል። ጣቢያ ላይ ላመሰግንሽ ፈልጌ አፌ እምቢ ስላለኝ ስለ ሻንጣሽ እጀታ ሳወራ ባቡሩ ተነሣ። ስለዚህ አሁን ልበለው።

አንቺ እኛን ያስቸገርሽ መስሎሽ ነው የሄድሽው። ይገባኛል፤ እነዚያ የማርች ቀናት ቀላል አልነበሩም፤ ወንበሩ ላይ ሆኜ የሰማሁትን ለማንም አልናገርም። ግን አንድ ነገር እወቂ። እኔ መጠጥ ከተውኩ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ይሄን ሁሉ ዘመን ከበሩ በውስጥ በኩል የነበርኩ ሰው ሆኜ ነው የኖርኩት። በውጭ በኩል መቀመጥ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንቺ ያኔ ምን ያህል ፈርተሽ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ይሄንን ስላሳየሽኝ አመሰግንሻለሁ። እንግዳ ምስጋና ነው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

የመክፈቻውን እሁድ እስካሁን ያወሩታል። የስብሰባችን ሰዎች እንደ ቀብር ሥርዓት ኮት ለብሰው ሲመጡ፣ አንቺ ባንኮኒው ውስጥ ቆመሽ "ኮት የለበሰ አይስተናገድም፣ አውልቁ!" ያልሽው። ወይዘሮ ኬአዌ በመጨረሻ ፈቅደሽልኝ በር ላይ ያቆምኩትን ግንድ አየች፣ አንቺን አየች፣ እንደገና ግንዱን አየች፤ ከዚያ፣ "አይዞሽ፣ አፍንጫውን ካንቺ ያነሰ ነው የሠራው" ስትልሽ ዊልማ የጠጣችው አናናስ በአፍንጫዋ ወጣ። አንቺ ራስሽ ስትስቂ ያየሁሽ ኒልስ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቨርጂልም እንዳልሽው ተመልሶ መጣ። በመክፈቻው ቀን ያመጣውን ጠርሙስ ያስቀረሽበት መንገድ ነው የገረመኝ። እኔ ብሆን ተቆጥቼ ነበር። አንቺ ግን "ቨርጂል፣ ይሄ እዚህ ሰው ይገድላል፤ መኪናህ ውስጥ ቆልፈውና ና፣ ቦታ ይዤልሃለሁ" አልሽው። ልክ ስለ ውሻ እንደምታወሪ! ሄዶ ቆልፎ መጣ። ባለፈው እሁድ ያለ ጠርሙስ መጣ። ሁለት ብርጭቆ ዝንጅብል ጠጥቶ፣ "ለካ እናንተ ሳትሰክሩም አሰልቺ አይደላችሁም" አለ። ከቨርጂል አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን እሁድ እሁድ ወንበር ይጠባል። ሰዎቹ ሚስቶቻቸውን ማምጣት ጀምረዋል። አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሦስት ዓመት በስብሰባ አንድ ቃል ተንፍሶ የማያውቀው፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ስለ አሳማ የሚያወራ ቀልድ ጀመረ፤ አላለቀም፤ በሚመጣው እሁድ ይቀጥላል ብሏል።

ስትሄጂ "እዚያ ብቻዬን ነኝ" ያልሽው ግን አልወጣልኝም። እዚህ ብትቀሪ ደስ ይለን ነበር። "ቤቴ እዚያ ነው፣ ሸሽቼው አልኖርም" ስላልሽ አልገፋሁሽም። ልክ ነሽ። ግን ጻፊ።

ከልብ የሚያመሰግንሽ
ዴል


ኮዲያክ፣ አላስካ
ጁን 19 ቀን 1960

ለወንድሜ ለዴልና ለእህቴ ለዊልማ፤

ደህና ገብቻለሁ። የዘገየሁት የምጽፈው እውነት እስኪሆን ድረስ ልጠብቅ ብዬ ነው፤ "ደህና ነኝ" ብዬ የዋሸኋችሁ ይበቃል። ዛሬ እውነት ነው። አልቀመስኩም። ከባድ ነው፤ ግን አልቀመስኩም። ፋብሪካው ሥራዬን መልሶ ሰጥቶኛል። የኒልስን ቦት ጫማና ልብስ ከበሩ ሥር አንሥቼ ሊለብሱት ለሚችሉ ሰዎች ሰጠሁ። አንድ ሹራብ ብቻ አስቀርቻለሁ። ቀኑ ረዝሟል፤ ፀሐይ አልጠልቅ ብላ ታስቸግረናለች።

ምስጋናህ ደርሶኛል፤ አልመልስልህም፤ ብጀምር ስለማላቆም። ዊልማ፣ ያን መጋረጃ እንዳታወርጂው።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። "እዚያ ብቻዬን ነኝ" ብዬ ነበር አይደል? ፋብሪካው ውስጥ ከጎኔ የምትሠራ አግራፌና የምትባል ሴት አለች፤ የዚሁ ደሴት ተወላጅ፣ ከእኔ ቤት ቁልቁል ነው የምትኖረው። ቃል አታበዛም። በዚህ ሁሉ ዓመት "ዝናብ ነው" እና "ዝናብ ነበር" ከመባባል አላለፍንም። እናንተ ጋ ካየሁት ሁሉ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰው እዚህ እውነቱን ይወቅልኝ ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ሻይ ጠራኋት። ቀዳሁላት። "አግራፌና፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ክረምቱን ሙሉ እጠጣ ነበር" አልኳት።

ሻይዋን ነፋ ነፋ አደረገችና፣ "አውቃለሁ" አለችኝ።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ምድጃሽን ማን ያነደው ነበር?"

ዴል፣ ምን ልበልህ። ክረምቱን ሙሉ ምን ሆኜ እንደገባሁ ሳላውቅ ቤቴ እገባ ነበር፤ ቤቱ ሁልጊዜ ሞቆ ነበር የሚጠብቀኝ። ጠዋት ስነቃም ፍሙ ቀይ ነው። አንድ ቀን እንኳ እንዴት ብዬ አልጠየቅኩም። ጠዋት የጫርኩት እሳት እስከ ማታ የቆየልኝ ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ጥሩ ምድጃ አለኝ ብዬ እኮራበት ነበር!

"እሳቱ ራሱ የሚቆይ መስሎኝ" አልኳት።

"በዚህ እርጥብ እንጨት?" አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት፤ ሁለት የፊት ጥርስ የላትም። "ሰክረሽ በብርድ እንዳትሞቺ ፈራሁ። ለመናገር ግን ቋንቋ አጣሁ። እንጨት ግን ነበረኝ።"

ቆሜ ማመስገን ፈለግኩ፤ ተነሣሁ፤ ከዚያ እንደ ልጅ ምድጃው ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ አላባበለችኝም። ትከሻዬን በጉልበቷ ገፋ አደረገችኝ።

"ፈቀቅ በይ፣ ኢሞጂን" አለችኝ፤ "የምድጃውን በር ዘግተሽብኛል፤ እንጨት ልጨምርበት።"

እህታችሁ
ኢሞጂን